ጫማችሁ ማታ ምን ይዞ ያድራል?

የቡትሴ ታኮ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ስራመድ ወደ ውጭ ይጥለኝ ጀምሮ ነበር። መርካቶ፣ ሸራ ተራ፣ አንድ ጫማ ሰፊ አባት ጋ ወሰድኩት። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርበት ዓይነት ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚሠሩት። መቼ ወደ ዓይናቸው እንደሚያወርዱት አላውቅም።

ቡትሱን ተቀበሉኝና ታኮውን ገልበጥ አድርገው እንኳ አላዩትም። እጃቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም አሉ። ከዚያ በሌላው እጃቸው አውራ ጣት ከላይ የተሸበሸበውን ቆዳ ጫን ጫን እያደረጉ፣

«ይሄ ማታ ምን ይዞ ነው የሚያድረው?» አሉኝ።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው ጋሼ» አልኳቸው።

«የት ያድራል አላልኩህም። ምን ይዞ ያድራል ነው ያልኩህ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ታኮውን ቀየሩልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ። ታክሲ ውስጥ የሰዉን ጫማ ማየት ጀመርኩ። አብዛኛው የወንድ የቆዳ ጫማ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ጥልቅ መስመሮች አሉት። ቀለሙ እንከን አይወጣለትም፤ ለእሱ ሊስትሮዎቻችን አሉ። (የአዲስ አበባ ሰው ጭቃ እየረገጠ ጫማው እንዲያበራ የሚፈልግ ሰው ነው።) ቅርጹ ግን የለም።

ማታ ጫማ ውስጥ የሚከተት እንጨት እንዳለ አውቃለሁ። ሹ ትሪ ይሉታል። ፊልም ላይ የሀብታም ቁም ሳጥን ሲከፈት ተደርድሮ ይታያል። ሸራ ተራ ውስጥ፣ ማስቲሽ በሚሸት ሱቅ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ እሱ ይጠይቁኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

«ገና አልደረቀም»

ሌላ ቀን የሚሠራ ጫማ ሳይሆን ወሬ ይዤ ተመለስኩ። ስደርስ አንድ ወጣት ቆሞ ይለማመጣቸዋል። ሚዜ ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ጫማው ፎርማ ላይ (ጫማ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ ነው) ተወጥሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ለእኔ ዓይን ያለቀ ነው። ቆዳው ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ጫፉ ቀጥ ያለ። ወጣቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ «አልቋል እኮ ጋሼ፣ ሶሉ ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ይጨርሱልኝ።»

«ገና አልደረቀም» አሉት።

«ኧረ ደርቋል፣ ይንኩት!»

«አንተ የነካኸው ከላይ ነው።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማ ጎትተው አወጡ። ሶል የሌለው፣ ከመንገድ የቀረ ጫማ ነው። አንድ ተለማማጅ ልጅ ሳይደርቅ ከፎርማው አውልቆት ነው አሉን። በእጅ ሲይዙት ምንም አይልም። ጉዱ የሚታየው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ነው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ጫፉ ተነስቷል። ተረከዙ ጋ ተንሻፏል። ቆዳው ደህና ቆዳ ነው፣ ስፌቱም ንጹህ ነው። ማንም እግሩ ላይ ሳያደርገው አርጅቷል።

ሚዜው ዝም አለ። እኔ ጫማውን አንስቼ ማገላበጥ ያዝኩ። ያ ጫማ አንድም እርምጃ አልሄደም። ድንጋይ አልረገጠም፣ ጭቃ አልነካውም፣ ታክሲ ውስጥ ማንም አልረገጠውም። መልኩ ግን ቁርጥ ታክሲ ውስጥ ያየኋቸውን ጫማዎች ነው። እስከዚያ ቀን ጫማን የሚያጠፋው መንገድ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ያላየው ይሄኛው ታዲያ ምን ነክቶት ነው?

ጫማ ሲሠራ ያየ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል። ቆዳው ይረጥባል። ፎርማው ላይ ይደረጋል። በጉጠት ወደ ሥር እየተሳበ በትንንሽ ሚስማር ይያዛል። ከዚያ ይተዋል። ይህ «ይተዋል» የምለው ነገር ሥራ አይመስልም። ሰውየው ሻይ እየጠጡ ነው፣ ጫማው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ደንበኛው ይነጫነጫል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ያኔ ነው። ቆዳ ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ የኮላጅን ጭረት ነው። ሲረጥብ ጭረቶቹ ይላላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ሲደርቅ በደረሱበት ይቆማሉ። እና ቆዳ ይዞት የሚቀረው ሲሳብ የነበረውን ቅርጽ ሳይሆን ሲደርቅ የነበረውን ነው።

ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቆዳን ፎርማ ላይ ስቦ መወጠር በጫማ ሥራ ውስጥ ለማሽን ብዙ ያስቸገረ ሥራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሊን በምትባል የጫማ ከተማ፣ ከሱሪናም የመጣ ያን ማትዜሊገር የሚባል ሠራተኛ በ1883 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሚሆን ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ጎበዝ ባለሙያ በቀን 50 ጥንድ ገደማ በእጁ በሚወጥርበት ዘመን የእሱ ማሽን ይህንን ብዙ እጥፍ አደረገው። መሳቡን ማፋጠን ተቻለ። ማድረቁንም ዛሬ በእንፋሎትና በሙቀት ያፋጥኑታል። ቆዳው ፎርማ ላይ ሆኖ ይደርቃል የሚለውን ግን የሻረው የለም።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አላሰብኩትም። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ቡትሴ የተሠራ ቀን ረጥቦ፣ ፎርማ ላይ ደርቆ ነው ጫማ የሆነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ እንደገና አረጥበዋለሁ፣ በየሌሊቱ እንደገና ይደርቃል። ፎርማ ሳይኖረው። ጫማ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት ትንሽ ትንሽ እንደገና ይሠራል። ሽማግሌው የጠየቁኝ ያኔ ውስጡ ማን እንዳለ ነው።

ላቡ የት ይሄዳል?

«የእኔ እግር አያልበውም» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። በሁለቱ እግሮቻችን ላይ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ የላብ ዕጢዎች አሉ። ቡትስ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ድረስ የተዘጋ ቤት ነው። ካልሲው የሚችለውን ይወስዳል፤ የተረፈው ሶሌታው ውስጥና ገበሩ ውስጥ ይገባል። ከውጭ ቢነካ ደረቅ ነው። ማታ እንዳወለቃችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ ብትከቱ ግን ሞቅ ያለና ረጠብ ያለ ነገር ነው የምታገኙት። ሽማግሌው «ከላይ ነው የነካኸው» ያሉት ይሄንን ነው።

እንግዲህ ይህ ለስላሳ፣ ሞቃት፣ እርጥብ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ሲታጠፍ ውሏል። እግር ይወጣል። ቆዳው እንደታጠፈ ይቀራል። ይደርቃል። በነጋታው ያው መስመር ላይ ይታጠፋል፣ ማታ ያው መስመር ላይ ይደርቃል። ሶሉም ከላይ በኩል ስለሚደርቅ ትንሽ ይኮማተርና ጫፉን ወደ ላይ ይስበዋል። ቀና ያለው ጫፍ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መስመሩ በራሱ ኃጢአት የለበትም። እግር እስካለ ድረስ ጫማ ይታጠፋል፤ የማይታጠፍ ጫማ የሙዚየም ጫማ ነው። ችግሩ መስመሩ ሲጠልቅ ነው። አቧራና የደረቀ ጭቃ ውስጡ ይቀመጣል። በተራመድን ቁጥር ቆዳውን ይፈገፍገዋል። አንድ ቀን መስመሩ ስንጥቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አይገጥመውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እንጨቱ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ቆዳው እየደረቀ ሳለ እጥፋቱን ዘርግቶ ይይዘዋል። ዋና ሥራው ይሄ ነው። ሻጮች አብዝተው የሚያወሩት ስለ ሽታውና ላብ ስለ መምጠጡ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው የማስቀምጠው። እንጨት የሚመጥጠው የነካውን ያህል ነው። አብዛኛው እርጥበት የሚወጣው በጫማው አፍ በኩል ነው። አፉን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ እንጨት የቱንም ያህል ቢሸት አልገዛውም።

እንጦጦ ሥር ተቀምጦ እንጨት ከአሜሪካ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሊመጣ ሲል ደወለ። «ምን ላምጣልህ?» አለ። ሰው ስልክ ይላል፣ ሽቶ ይላል።

«እንጨት» አልኩት።

«ምን?»

«ጫማ ውስጥ የሚገባ እንጨት።»

«ያምሃል እንዴ? እንጦጦ ሥር ተቀምጠህ እንጨት ከአሜሪካ? ከ23 ኪሎዬ ላይ?»

ቢሆንም ልጁ ሰው አያሳፍርም። ሱቅ ሄዶ ያለውን ሁሉ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ላከልኝ። የመጀመሪያው ርካሹ ነው። ከፊት የፕላስቲክ ጫፍ፣ መሐል ላይ ጎበጥ ያለ ሞላ፣ ከኋላ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ። አየር መንገዱ አይከብደውም። ግን ሞላው ያለ የሌለ ጉልበቱን በዚያች ኳስ በኩል ተረከዙ ላይ አንድ ነጥብ ያሳርፋል። ቆይቶ ጫማው ከኋላው አንድ ቦታ ያብጣል፣ በቁመቱም ይለጠጣል። አይሆንም አልኩት።

ቀጥሎ ሙሉ ፕላስቲክ ላከ። ይሄ መጥፎ አይደለም። ቅርጽ ይይዛል፣ ለጉዞ ይቀላል። ላብ ግን አይጠጣም። ቀጥሎ ዓይን የሚያፈዝ ነገር መጣ፤ ጠንካራ እንጨት፣ መሐሉ ላይ ማጠፊያ ያለው፣ እንደ መስታወት በቫርኒሽ የተወለወለ። እንደዚህ ያለው ለአንድ የተወሰነ ጫማ፣ ጫማው በተሠራበት ፎርማ ልክ ሲሠራ ወደር የለውም። ለሌላ ጫማ ግን እንግዳ ነው። ቫርኒሹም ለዓይን እንጂ ለጫማው ምንም አይሠራም፤ እንጨቱ እርጥበት እንዳይነካው ይዘጋዋል።

የተስማማነው በአራተኛው ላይ ነው። ቫርኒሽ ያልነካው ቀላ ያለ እንጨት ነው። ከፊት በኩል ለሁለት የተሰነጠቀ ስለሆነ ሲገባ ወደ ጎን ተከፍቶ ሰፊውን የእግር ቦታ ይሞላል። መሐሉ ላይ ሞላ ያላቸው ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ አንድ ብቻ ሲሆን እንጨቱ ጫማው ውስጥ ይዞራል። ከኋላው ኳስ ሳይሆን እውነተኛ ተረከዝ የሚመስል ሰፊ እንጨት አለው። ግፊቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሙሉው የኋላ ግድግዳ ላይ ያርፋል።

ለቡትስ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። ለአጭር ጫማ የተሠራ እንጨት ቡትስ ውስጥ ሲገባ የእግር ጀርባ ላይ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ምላሱና ማሰሪያው ያለበት አካባቢ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የቡትሱ እንጨት እዚያ ጋ ከፍ ይላል። ከኋላው ደግሞ እጀታ ወይም ቀለበት ሊኖረው ይገባል። ጠባብ አንገት ውስጥ እጅ አስገብቶ እንጨት መጎተት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ልኩን በስልክ መምረጥ ነበር የከበደን። እንጨቶቹ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባሉ ነው የሚሸጡት፤ አንዱ ሁለት ሦስት ቁጥር ይሸፍናል። የእኔ 42 ድንበር ላይ ወደቀ። ትንሹን አልኩት። ከፍ ያለ እንጨት ቡትሱን ወጥሮ ያሰፋዋል፤ አንዴ የሰፋ ቆዳ ደግሞ አይመለስም። ትንሽ ያነሰ እንጨት ግን ቢያንስ አይጎዳም። እጃችሁ ሲደርስ መለየቱ ቀላል ነው። ሲገባ ትንሽ ገፋ አድርጎ መግባት አለበት። ከላይ ያሉት መስመሮች ይዘረጋሉ፣ ጎኖቹ ግን መነፋት የለባቸውም። በጉልበት ተደግፋችሁ ከሆነ የምታስገቡት ትልቅ ነው። ቡትሱን ስትነቀንቁት ኳ ኳ ካለ ደግሞ ትንሽ ነው።

ዕቃው ሲደርስ የአክስቴ ልጅ ሻንጣውን ከፍቶ እንጨቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽታ ነው» አለ። አልተሳሳተም። አሜሪካኖቹ ሲዳር ብለው ይሽጡት እንጂ ከሊባኖስ ዝግባ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በሳይንሳዊ መጠሪያው ጁኒፐረስ ቨርጂኒያና ነው፤ የእኛው ጽድ ደግሞ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም እርሳስ ተሠርቶባቸዋል፤ እንግሊዞች ጽዱን ከኬንያ ለዚሁ ሥራ ይወስዱት ነበር። ከአትላንቲክ ማዶ በሻንጣ ያስመጣሁት የጽድ የአጎት ልጅ ነው። ልጁ እስኪሄድ ድረስ ሳቀብኝ።

የሐበሻ ነው የፈረንጅ?

ያ ሳቅ ነው ሰፈራችን ወዳለው አናጢ የወሰደኝ። ለሁለተኛው ቡትሴ በጽድ ይሥራልኝ አልኩ። ገና «ጽድ» ከማለቴ፣ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የፈረንጅ ጽድ የሚባለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በየቦታው ተተክሏል፣ እንጨት ቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። የሐበሻው ጽድ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ የደጋ ዛፍ ነው፣ ደኑም ተመናምኗል። መናገሻ ሱባ የሄደ ሰው ትልልቆቹን አይቷቸዋል። ለጫማዬ ብዬ አንድም እንዲቆረጥ አልፈልግም።

አናጢው ጋ አንድ አሮጌ ቋሚ ነበር። ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው። ድሮ ሰው ለቤት ምሰሶና ለአጥር ጽድ የሚፈልገው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። ውጭው ግራጫ ሆኖ ሞቷል። መጋዙ ሲገባበት ግን ውስጡ ቀላ ብሎ ወጣ፣ ሽታው ሱቁን ሞላው። አሮጌ መሆኑ ጠቀመን። እርጥብ እንጨት ተሠርቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ይህኛው የሚደርቀውን ያህል ደርቋል።

ሞላውን ትተን በቀላሉ አሰብነው። አንድ የፊት ቁራጭ፣ አንድ የተረከዝ ቁራጭ፣ መሐላቸው የሚገባ ሽብልቅ። አናጢው መጀመሪያ የግራና የቀኙን አንድ ዓይነት አድርጎ ቆረጣቸው። ልስቅ ስል ትዝ አለኝ፤ አውሮፓ ውስጥም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ ጫማ ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ ዓይነት ፎርማ ነበር የሚሠራው። ሰውየው ብዙም አልራቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። በሞረድ ይበላል፣ ቡትሱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይታያል። የቡትሱ ገበር የፈገፈገበት ቦታ እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ያለበት ይሞረዳል። እንደገና ይገባል። አውራ ጣት በኩል ብዙ በላነው፣ ትንሿ ጣት በኩል ምንም አልነካንም። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ዘይትም ቫርኒሽም አትንካው አልኩት፤ ቅር አለው። ሥራው ያላለቀ መሰለው። ሽብልቁን በእጁ መዳፍ መታ ሲያደርገው ቡትሱ አየር አስወጥቶ ቀጥ አለ። ቀጭን ቀጭኖቹ መስመሮች ጠፉ። ሁለቱ ጥልቆች ዘርጋ አሉ እንጂ አልጠፉም፤ እነሱን የሚያጠፋ እንጨት የለም።

ቡትሱን እንደያዝኩ ሸራ ተራ ሄድኩ። ጋሼ እንጨቱን አወጡት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት።

«ጥሩ ነው። ሽታው ግን ለአንተ ነው። ለጫማው ቅርጹ ይበቃዋል።»

«የእርስዎ ጫማ ምን ይዞ ያድራል ታዲያ?» አልኳቸው።

«የተሠራበትን ፎርማ ነዋ!»

የጫማ ሰፊነት ጥቅሙ ይሄ ነው። ለሌሎቻችን እንጨት ከሌለ እንኳ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት አሮጌ ካልሲ አለ፣ ጨምደድ ተደርጎ የገባ ጋዜጣ አለ። ጫፉንና ተረከዙን እስከሞላ ድረስ ባዶ ከማደር ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነገር ለብቻው ነው። ሐምሌ ላይ ከፒያሳ መርካቶ በእግሩ የወረደ ቡትስ ላብ ሳይሆን ጎርፍ ይዞ ነው የሚገባው። እንዲህ ሲሆን እንጨቱን ወዲያው አልከትም። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቡትሱ ውስጥ ይጣበቃል፣ አየሩንም ይዘጋል። መጀመሪያ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ሶሌታውን አወጣለሁ። ማሰሪያውን እስከ ታች አላላና ምላሱን ወደ ፊት እስበዋለሁ። ጋዜጣ እከታለሁ። ጋዜጣው ሲርስ እቀይረዋለሁ። የጎርፉ ነገር አልቆ ቡትሱ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ማታ ረጠብ ብቻ ሲል ነው እንጨቱ ተራ የሚደርሰው።

ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ የለም። ፍሪጅ ጀርባም የለም። (ከፍሪጅ ጀርባ ያልደረቀ ካልሲ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አሳዩኝ፤ ካልሲ ይችለዋል፣ ቆዳ አይችለውም።) በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው ዕፅ የተለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይኮማተራል። ክሮም በሚባል ኬሚካል የተለፋው ከዚያ የበለጠ ይችላል፤ ግን ቆዳው ቢችል ማስቲሹ አይችልም፣ ሶሉ አፉን ይከፍታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ሌሊት ለማሳጠር አንድ ጫማ ይሄዳል። እርጥቡን ቁም ሳጥን ውስጥ መዝጋት ደግሞ ሻጋታ መዝራት ነው።

ደረቅ በሆነ ቀን ሰዎች የሚከራከሩበት ነገር አለ። እንጨቱ ወዲያው ይግባ ወይስ ቡትሱ አንድ ሰዓት ይተንፍስ? እኔ ወዲያው ከሚሉት ጋር ነኝ። ሞቃት ቆዳ ይታዘዛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እጥፋቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ማሰሪያውን በደንብ አላላለሁ፣ ጫፉን አስቀድሜ አስገባለሁ፣ ሞላውን ጨመቅ አድርጌ ተረከዙን እለቀዋለሁ። አንድ ሌሊት አብዛኛውን ይሠራል። ቢቆይም አይጎዳም። እና ለሁለት ጫማ ሁለት እንጨት የግድ አይደለም። ዛሬ የዋለው ይወስደዋል፣ ትናንት የዋለው ያስረክባል፤ ጫማውም አንድ ቀን ማረፉ ይጠቅመዋል። የእኔ ሁለተኛ ጥንድ ፍላጎት እንጂ ችግር አልነበረም።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ያገኘሁት ሊስትሮ ጋ ነው። አንድ ቀን እንጨቱን ሳላወጣ ቡትሱን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ብሩሹን ሲያሳርፍ ቆዳው አልሰመጠለትም። ቆም ብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ይሄ ነገር አሪፍ ነው ባክህ» አለ። መስመሮቹ ስለተዘረጉ ውስጣቸው የተደበቀው አቧራ ወጣለት፣ ቅባቱም እስከ ታች ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤትም ቅባት የምቀባው እንጨቱ ውስጡ እያለ ነው፣ በጣም በጥቂቱ።

ለሁሉም ጫማ ግን አይደለም። ላዩ ፕላስቲክ የተቀባ «ሌዘር መሰል» ጫማ ካላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የእሱ ላይኛ ሽፋን ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ሲላጥ ሥሩ ጨርቅ ይታያል፤ እንጨት አያድነውም። ስኒከርም ይቅርበት።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትታዘብ ቆይታ የራሷን ቡትስ አመጣች። ቁጥሩ 38 ነው፣ አንገቱ ጉልበት ሊደርስ ምንም አይቀረው። የእኔ እንጨት አይገባም። ለጊዜው አንገቱ እንዳይታጠፍ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አቁሜበታለሁ፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ አለው። አልተደሰተችም። አናጢው የጽዱን ቋሚ ጨርሶታል፣ የፈረንጁን ልሥራልህ ይለኛል። አሮጌ ቤት ወይም አጥር የሚያፈርስ፣ የሐበሻ ጽድ ቋሚ ያለው ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ክንድ ተኩል ይበቃኛል፤ ማጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።